ሚክሳችሁ ሳይፈነዳ ከፍ እንዲል፦ ከቀረጻ እስከ ሊሚተር

ቤት ውስጥ የተሠራ ዘፈን ከሌሎች ዘፈኖች ጋር ተደርድሮ ሲጫወት ድምፁ ዝቅ ይልና እጃችን ሳናስበው ወደ ቮልዩሙ ይሄዳል። ቮልዩሙ ሲጨመር ደግሞ ቤዙ ክፍሉን ያናውጠዋል እንጂ ድምፃዊው አይቀርብም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ማስተሩ (ሁሉም ትራክ የሚጠቃለልበት መውጫ) ላይ ሊሚተር (ድምፅ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚይዝ መሣሪያ) ይጭንና እስኪበቃው ይገፋዋል። ዘፈኑ ከፍ ይላል፣ አዎ። ግን ከበሮው ምቱን ያጣል፣ ድምፃዊው ይሻክራል፣ ዘፈኑ ሳያልቅ ጆሮ ይደክማል።

ከፍ ያለ ሚክስ የሚሠራው ትራክ በትራክ፣ እያንዳንዱን መሣሪያና ድምፅ ለየብቻው በማስተካከል ነው። የማይሰማ ግን ቦታ የሚይዝ ነገር ይቀነሳል። ያለ ምክንያት ብቅ የሚል ጫፍ ዝቅ ይደረጋል። ያን ጊዜ ለሊሚተሩ የሚቀርለት ሥራ ትንሽ ነው። ይህን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል እንሄድበታለን። በሪፐርም ሥሩ በኩቤዝ፣ በኤፍኤል ስቱዲዮም ሆነ በኤብልተን፣ ለዚህ የሚያስፈልጉት ዋና ዋና መሣሪያዎች ከቀረጻ ፕሮግራሙ ጋር ይመጣሉ። ውድ ፕላግኢን (ፕሮግራሙ ላይ የሚጫን የድምፅ መሣሪያ) ፍለጋ አትሂዱ።

ሜትሩ የሚያሳየውና ጆሮ የሚሰማው

ዲጂታል ድምፅ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ዜሮ ዲሲብል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ፤ ከጣሪያው በታች ያለው በመቀነስ ምልክት ይጻፋል) ነው። ከዚያ የሚያልፍ ድምፅ ፋይሉ ሲወጣ ጫፉ ይቆረጣል። «ፈነዳ» የምንለው ይህንን ነው። በየትራኩ የምታዩት ሜትር አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየው ፒክን ነው፤ ድምፁ ለቅጽበት የደረሰበትን የመጨረሻ ነጥብ ማለት ነው። ጆሮ ግን ከፍታን የሚመዝነው ትንሽ ጊዜ ወስዶ በአማካይ ነው። አንድ ጭብጨባ ፒኩ ዜሮ ሊነካ ይችላል፤ ወዲያው ግን ይጠፋል። ተይዞ የቆየ የኦርጋን ኮርድ ፒኩ -10 ላይ ሆኖ ከጭብጨባው በላይ ጎልቶ ሊሰማ ይችላል።

ስለዚህ ፒካቸው እኩል የሆኑ ሁለት ዘፈኖች አንዱ ከሌላው በጣም ከፍ ብሎ ሊሰማ ይችላል። ልዩነቱ ያለው በፒኩና በአማካዩ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። ሥራችን ይህን ርቀት በልኩ ማጥበብ ነው። በጣም ከጠበበ ሙዚቃው አይተነፍስም፤ በጣም ከሰፋ ዘፈኑ ያንሳል።

አማካዩን ለመለካት ላፍስ የሚባል መለኪያ አለ። መሠረቱ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው አለካክ ነው። መለኪያው እንደ ጆሮ ሁሉ ለወፍራም ድምፆች ትንሽ ግምት ይሰጣል፣ ለቀጫጭኖቹ ደግሞ ትንሽ ይጨምራል። ዩሊን ላውድነስ ሜትር የሚባለው ፕላግኢን ነፃ ስሪት አለው፤ ማስተሩ ላይ በመጨረሻ አስቀምጡት። አንድ ነገርም ልብ በሉ። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚለው ድምፁ በ10 ዲሲብል ገደማ ሲጨምር ነው። ስለዚህ ለአንድና ለሁለት ዲሲብል ብሎ ከበሮውን መግደል አያዋጣም።

1. መጀመሪያ ማመሳከሪያ ዘፈን አስገቡ

ከዘፈናችሁ ጋር የሚቀራረብ፣ አወጣጡን የምትወዱትን ዘፈን ፕሮጀክቱ ውስጥ በራሱ ትራክ አስገቡ። በማስተሩ ፕላግኢኖች ውስጥ እንዳያልፍ አድርጉ። ከዚያ ድምፁን ቀንሱትና ከእናንተ ሚክስ ጋር በጆሮ እኩል አድርጉት። 8 ዲሲብል መቀነስ ካስፈለገ 8 ቀንሱ።

ይህን ዝለሉ የሚል ካለ አትስሙት። ጆሮ ከፍ ያለውን ሁሉ «የተሻለ» ይለዋል። እኩል ሳታደርጉ ካነጻጸራችሁ ማመሳከሪያው ሁሌም ያሸንፋል፣ ለምን እንደሆነም አታውቁም። እኩል ሲሆኑ ግን እውነተኛው ልዩነት ይወጣል፤ «የእነሱ ቤዝ ያነሰ ነው»፣ «ድምፃዊው የበለጠ ቀርቧል»፣ «ስኔሩ (ጥርት ብሎ የሚመታው ከበሮ) ደረቅ ነው»። የሥራ ዝርዝራችሁ ይህ ነው።

የማዳመጫችሁንም ቮልዩም አንድ ቦታ ላይ አኑሩት፣ በየደቂቃው አትነካኩት። በሰው ንግግር ልክ፣ ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ሲያወራ ለመስማት በማያስቸግር መጠን ይበቃል። በዝቅተኛ ድምፅ ሞልቶ የሚሰማ ሚክስ ሲጨመር አያሳፍርም።

2. ቀረጻው ላይ ተስገብግባችሁ ጌይን (የማይኩን መጠን) አትጨምሩ

«ከፍ አድርጌ ልቅዳው፣ በኋላ ከፍ እንዲል» የሚለው ሐሳብ ከካሴት ዘመን የቀረ ነው። ያኔ የቴፑ ሽውታ ነበረና ልክ ነበር። 24 ቢት በሚባለው የቀረጻ ጥራት ስትቀዱ ግን በቂ ቦታ አለ። የድምፃዊው ፒክ በ-12 እና በ-6 መካከል ቢሆን ምንም አይጎድልም፤ ስሜት ሲመጣና ድምፁ ሲወጣም አይፈነዳም። ቀረጻው ላይ የፈነዳ ድምፅ ደግሞ በኋላ በደንብ አይጠገንም።

ይበልጥ የሚያሳስበው ክፍሉ ነው። በኋላ ኮምፕሬሰር (ጮክ ያለውን ዝቅ አድርጎ ልዩነቱን የሚያጠብ መሣሪያ) ስንጠቀም ዝቅ ያለው ሁሉ ወደ ላይ ይመጣል፤ የኮምፒውተሩ ፋን፣ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ፣ ሁሉም። ሚክሱ ከፍ ሲል ክፍሉም አብሮ ከፍ ይላል። ስለዚህ ከድምፃዊው ጀርባና ጎን ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ማይኩን ከአፍ 15 እስከ 20 ሳንቲሜትር አርቁ። ከዚያ በጣም ሲጠጋ ካርዲዮይድ (ከፊታቸው ያለውን አጉልተው የሚቀዱ) ማይኮች ወፍራሙን ድምፅ ያጋንኑታል፣ ያም ቦታ ይበላል።

3. አንዳንዱን ትራክ ዝም አሰኙ

ሁለት ጊታር፣ ፓድ፣ ፒያኖና ኦርጋን አንድ መስመር ላይ አንድ ዓይነት ኮርድ ከያዙ ምንም ፕላግኢን አያድናችሁም። ኮረሱን (አዝማቹን) ሙሉውን አጫውቱና ትራኮቹን አንድ በአንድ ዝም አሰኙ። ዝም ሲል ያልጎደለ ትራክ ካለ እዚያው ይቅር፣ ወይም ወደ ሌላ ኦክታቭ ይውጣ። ጥቂት ትራክ ሲኖር እያንዳንዱ ተለቅ ብሎ ይሰማል።

4. የማይሰማውን ወፍራም ድምፅ ቁረጡ

ቤት ውስጥ የሚሠሩ ሚክሶች ብዙውን ጊዜ የሚያንሱት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ ሁለት የቤል ላብስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት ጆሮ ለሁሉም ድምፅ እኩል እንዳልሆነ አሳይተዋል። በጣም ንቁ የሚሆነው ከ2 እስከ 5 ሺህ ሄርትዝ (የድምፅ ውፍረትና ቅጥነት መለኪያ) ባለው አካባቢ ነው። ወደ ታች በወረድን ቁጥር ያንኑ ያህል ለመስማት በጣም ብዙ ጉልበት ያስፈልጋል። ይህ ለሚክስ ምን ማለት ነው? 30 ሄርትዝ ላይ ያለ ድምፅ ሜትሩን ወደ ጣሪያው ይገፋዋል፣ ጆሮ ግን ብዙም አያገኘውም። ቦታ ያዘ፣ ጥቅም አልሰጠም።

ከቤዝና ከኪክ (ከትልቁ ከበሮ) በስተቀር ሁሉም ትራክ ላይ ኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፅን ለይቶ የሚጨምርና የሚቀንስ መሣሪያ) ክፈቱና ሃይ ፓስ ፊልተር (ከተወሰነ ነጥብ በታች ያለውን የሚቆርጥ) አድርጉ። ለድምፃዊ ከ80 እስከ 100 ሄርትዝ ጀምሩ። ለጊታርም እዚያው አካባቢ፣ ለኪቦርድና ለፓድ ከ150 በላይም መሄድ ይቻላል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሙሉው ሙዚቃ እየተጫወተ ፊልተሩን ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ግፉት፣ ድምፁ መቅጠን ሲጀምር ትንሽ መልሱት። ትራኩን ለብቻው እየሰማችሁ ይህን አትወስኑ። ለብቻው የቀጠነ ጊታር ቤዝ ሲገባ ልክ ሊሆን ይችላል። ለቤዝና ለኪክ ደግሞ ከ30 ሄርትዝ በታች ያለውን አጽዱ፤ አብዛኛው ስፒከር ያንን አያወጣውም።

ቀጥሎ የቤዝና የኪክ ጠብ አለ። ሁለቱም ፒካቸው -6 ላይ ነው እንበል። አንድ ላይ ሲመቱና ማዕበላቸው አንድ አቅጣጫ ሲይዝ ድምሩ በ6 ዲሲብል ያድጋል፤ ዜሮ ደረሰ ማለት ነው። ድምፃዊው ገና አልገባም፣ ጣሪያው ግን ሞልቷል። ስለዚህ ማን ከታች እንደሚቀመጥ ወስኑ። ኪኩ ጉልበቱ 60 ሄርትዝ አካባቢ ከሆነ ቤዙን እዚያ ላይ በ3 ዲሲብል ያህል ቀንሱና 100 አካባቢ ይታይ። ረጅምና ጥልቅ ቤዝ ካላችሁ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፤ ኪኩ አጭርና ከፍ ያለ ይሁን። ሳይድቼይን ኮምፕሬሰርም ይረዳል፤ ኪኩ ሲመታ ቤዙ ለቅጽበት 2 ወይም 3 ዲሲብል ዝቅ ይላል፣ ሰሚው አያስተውለውም።

ከ200 እስከ 400 ሄርትዝ ያለው ሰፈር ደግሞ ሚክስ የሚደፈርስበት ነው። ሁሉም መሣሪያ እዚያ ድርሻ አለው። ከአንዳንዱ ትራክ ሁለት ሁለት ዲሲብል ብትቀንሱ ሁሉም ነገር ገለጥ ይላል። ሁሉም ላይ በጅምላ አታድርጉት ግን፤ ያኔ ዘፈኑ ሙቀቱን ያጣል። ድምፃዊው ወይም ቤዙ ያንን ሰፈር ይያዝ፣ ሌሎቹ ይልቀቁ።

5. የፌዝ ጉዳይ፣ በአጭሩ

አንድን ነገር በሁለት ማይክ ከቀዳችሁ ወይም ኪክ ላይ ሁለት ናሙና ከደረባችሁ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየወረደ ይጠፋፉ ይሆናል። አንደኛው ትራክ ላይ የፖላሪቲ ቁልፉን (ማዕበሉን የሚገለብጠውን) ተጫኑ። ወፍራሙ ድምፅ የጨመረበትን ምረጡ። ከዚያ ማስተሩን ሞኖ አድርጉና ስሙ፤ ሞኖ ሲሆን የሚጠፋ ትራክ ካለ የስቴሪዮ ማስፊያ ፕላግኢኑን ቀንሱለት።

6. ጫፎቹን በየቤታቸው አስተካክሉ

አንድ ስኔር በቅርበት እንይ። ሚክሳችሁ ውስጥ ስኔሩ ሲመታ ማስተሩ -3 ይነካል። በምቶቹ መካከል ሌላው ሙዚቃ በሙሉ ከ-9 አያልፍም። ሊሚተሩን -1 ላይ ብታደርጉት ስኔሩ ሊሚተሩን ሳይነካ መጨመር የምትችሉት 2 ዲሲብል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ስትገፉ ሊሚተሩ በእያንዳንዱ ምት ሙሉውን ዘፈን ይጫነዋል፤ ድምፃዊው፣ ኪቦርዱ፣ ሁሉም አብሮ ይወርዳል።

አሁን ስኔር ትራኩ ላይ ክሊፐር (ጫፍን ብቻ የሚቆርጥ መሣሪያ) ወይም ሶፍት ክሊፕ የሚያደርግ ፕላግኢን ጫኑና ማስተሩ ላይ የሚታየውን ጫፍ በ4 ዲሲብል አውርዱት። የተቆረጠው የጥቂት ሚሊሰከንድ ጫፍ ብቻ ነው፤ የስኔሩ ሰውነት እንዳለ ነው። ማስተሩ አሁን -7 ይነካል። መጨመር የምትችሉት ከ2 ወደ 6 ዲሲብል አደገ። አንድ ትራክ ላይ በተሠራ ሥራ ሙሉው ዘፈን 4 ዲሲብል አገኘ። ከበሮ ላይ ይህ መንገድ ከሊሚተር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ጫፉ የሚነካው እዚያው ራሱ ጋ ነው፣ ሌላው ትራክ ምንም አያየውም። ልኩን ግን በጆሮ ውሰዱ፤ ምቱ «ጭብ» ማለት ትቶ «ፍች» ማለት ከጀመረ አልፋችኋል።

ኮምፕሬሰር እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል። አታኩን (ሥራ ለመጀመር የሚወስደውን ጊዜ) 30 ሚሊሰከንድ ካደረጋችሁት የመጀመሪያው ምት ሳይነካ ያልፋል፣ ኋላው ይቀነሳል። ያ ምቱን ያጎላል፣ ደስ ይላል፤ ጫፉ ግን ከሌላው ይበልጥ ብቅ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ኮምፕሬሰር፣ ከዚያ ክሊፐር ይሁን።

ድምፃዊው ላይ በእጅ ጀምሩ። የሐረጉ የመጨረሻ ቃል ትንፋሽ ሲያልቅ ይወርዳል፤ ያቺን ቃል ብቻ ቆርጣችሁ 3 ወይም 4 ዲሲብል ጨምሩላት። የጮኸችውን ፊደል ደግሞ ዝቅ አድርጉ። አሰልቺ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ድምፃዊው ከሙዚቃው ፊት እንዲቆም የሚያደርገው ከማንኛውም ፕላግኢን በላይ ይህ ነው። ከዚያ ሁለት ኮምፕሬሰር በተከታታይ አድርጉ። የመጀመሪያው ፈጣን፣ 4 ለ 1 (ከመነሻው ያለፈ 4 ዲሲብል 1 ሆኖ ይወጣል)፣ ጫፎቹን ብቻ በ3 ዲሲብል ያህል የሚይዝ። ሁለተኛው ዘገም ያለ፣ 2 ለ 1፣ ሌላ 2 ወይም 3 የሚቀንስ። አንዱን ብቻ 6 ዲሲብል ብታሠሩት ድምፁ ሲታነቅ ይሰማል፤ ሲካፈሉት አይታወቅም። ከኮምፕሬሰሩ በኋላ «ስ» እና «ሽ» ጆሮ ከወጉ ዲኤሰር (እነሱን ብቻ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) ጨምሩ።

7. ጆሮ በሚነቃበት ቦታ ላይ ሥሩ

ጆሮ ከ2 እስከ 5 ሺህ ሄርትዝ ባለው አካባቢ ንቁ ነው ብለናል። እዚያ ላይ የሚጨመር አንድ ዲሲብል ሜትሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ ዘፈኑን ያቀርበዋል። ቦታው ግን ለአንድ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለድምፃዊው። ጊታሩንና ኪቦርዱን እዚያ ላይ ትንሽ ዝቅ ብታደርጉ ድምፃዊውን ምንም ሳትነኩት ወደ ፊት ይመጣል።

ቤዙ ላይ ደግሞ ሳቹሬሽን ሞክሩ። ቤዙ የያዘው ኖታ 55 ሄርትዝ ነው እንበል። የስልክ ስፒከር ያንን አያወጣም። ሳቹሬሽን ግን 110፣ 165፣ 220 እያለ ወደ ላይ የሚሄዱ ተጨማሪ ድምፆችን ይፈጥራል። ጆሮ እነሱን ሰምቶ ከታች ያለውን ቤዝ ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ የቤዙን ፌደር (የመጠን መንሸራተቻ) ዝቅ አድርጋችሁም ቤዙ ይሰማል፣ ቦታም ይተርፋል። መጀመሪያ እስኪሰማችሁ ጨምሩ፣ ከዚያ በግማሽ መልሱት።

8. ማስተሩ

እዚህ ስትደርሱ ማስተሩ ከ-6 አካባቢ ባያልፍ ደስ ይላል። ካለፈ ሁሉንም ፌደሮች መርጣችሁ አንድ ላይ አውርዱ።

መጀመሪያ ኮምፕሬሰር፣ 2 ለ 1፣ አታክ 30 ሚሊሰከንድ፣ ሪሊዝ (መልሶ የሚለቅበት ጊዜ) አውቶ። መርፌው 1 ወይም 2 ዲሲብል ብቻ ይንቀሳቀስ። ትራኮቹን አንድ ላይ ያስተሳስራቸዋል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት። በመጨረሻ ሊሚተር፤ ጣሪያው -1፣ ትሩ ፒክ የሚል አማራጭ ካለ አብሩት። በጣም የሚጮኸውን ኮረስ እያጫወታችሁ ቀስ ብላችሁ ጨምሩ። በከፍተኛው ቦታ ላይ ከ2 እስከ 3 ዲሲብል ሲቀንስ ቁሙ።

አሁን ድምፁ እኩል ሆኖ ሊሚተሩን አብሩና አጥፉ። ስታጠፉት ከበሮው «ተነሳ» ካለ ብዙ ገፍታችኋል። ወደ ኋላ ሄዳችሁ ጫፍ የሚያወጣውን ትራክ ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያው ስኔሩ ወይም ኪኩ ነው።

ኮረሱ አሁንም ካልተነሳ ኮረሱን አትጨምሩ፤ ከእሱ በፊት ያለውን ክፍል በአንድ ዲሲብል አውርዱ። ሰሚው ከፍታን የሚያውቀው ከቀደመው ጋር አነጻጽሮ ነው። መጀመሪያው ላይ ሁሉም ነገር ጣሪያ ከነካ ኮረሱ የሚሄድበት የለውም።

9. ስንት ላፍስ ይበቃል?

ስፖቲፋይ በመደበኛ ቅንብሩ ዘፈኖችን ወደ -14 ላፍስ ያመጣል፣ አፕል ሙዚክ የድምፅ ማመጣጠኛው ሲበራ ወደ -16። ዩቲዩብም ከ-14 አካባቢ በላይ ያለውን ይቀንሳል፤ ያነሰውን ግን ከፍ አያደርግለትም። ስለዚህ -7 ላይ የተጨፈለቀ ዘፈን እዚያ ሲደርስ በ7 ዲሲብል ይወርድና የቀረለት መጨፍለቁ ብቻ ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ሰው -14 ላይ ይቁም ማለት አይደለም። ብዙ የፖፕና የሂፕ ሆፕ ዘፈኖች ከዚያ በላይ ናቸው፤ ማመጣጠን በሌለበት ቦታም ሙዚቃ ይጫወታል። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ዘፈን ከ-12 እስከ -10 ባለው ውስጥ የዘፈኑ ባሕርይ የወደደውን ውሰዱ። ለስለስ ያለ የጊታር ዘፈን -14 ላይ ቢቀር ምንም አይጎድለውም። ስፖቲፋይ ራሱ ከ-14 በላይ ለሆኑ ዘፈኖች የሊሚተሩ ጣሪያ -2 እንዲሆን ይመክራል፤ ፋይሉ ሲጨመቅ ጫፎቹ ትንሽ ስለሚያድጉ ነው። ለዚያ የምትልኩት ከሆነ በ8ኛው ላይ ያልነውን -1 ወደ -2 አውርዱት።

ዋቩን ካወጣችሁ በኋላ ወደ ኤምፒ3 ቀይራችሁ በስልክ ስፒከር፣ በጆሮ ማዳመጫና ካገኛችሁ በመኪና ስሙት፤ ሁሌም ማመሳከሪያውን አስከትላችሁ። ድምፃዊው በስልኩ ላይ ከጠፋ ወደ 7ኛው፣ መኪናው ውስጥ ቤዙ ካጉረመረመ ወደ 4ኛው ተመለሱ። ያስተካከላችሁትን በአዲስ ስም አስቀምጡ፣ የፊቱንም አታጥፉት፤ በማግስቱ ጠዋት ሁለቱን በእኩል ድምፅ አነጻጽሩና የተሻለውን ላኩ።